የንግሥት ወለተ ኮከብ መርዶ

አያት፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ሰላምታውን እንደ ደንቡ ልጀምር ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ሰላምታ የማበዛው የምናገረውን ለማዘግየት እንደሆነ ስለሚያውቁብኝ ዛሬ አጠር አደርገዋለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? የደም ምርመራውን ዛሬ ነገ እያሉ አይተዉት።

«ለጥምቀት መቱ ሳትመጪ ለምን ቀረሽ?» ብለው ጠይቀዋል። ጉልበቴን አሞኝ ነው ብዬ የላክሁት ውሸት ነው። የቀረሁት ሥራ ስለነበረብኝ ነው። ጡረታ ወጥታ ምን ሥራ አላት እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እሱኑ ነው እንግዲህ የምነግርዎ። ተቀምጠው ያንብቡ።

ከእኔ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናኦሚ የምትባል ልጅ አለች። እናቷ ሃያ ሁለት አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ጴንጤዎች ናቸው፣ ደግ ሰዎች። ልጅቷ ፊልም ተምራ ከጓደኞቿ ጋር በየሳምንቱ ዓርብ በኢንተርኔት የሚለቀቅ ተከታታይ ድራማ ትሠራለች። ድራማው ስለ ጠፈር ነው፣ «የሁለት ፀሐይ አገር» ይባላል። ሰዎቹ በመርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ይሄዳሉ፣ ይዋጋሉ፣ ጠንቋይም አላቸው። አገሩን የምትገዛው ወለተ ኮከብ የምትባል አሮጊት ንግሥት ናት። ወለተ ኮከብ እኔ ነኝ።

አሁን መነጽርዎን አውልቀው ብድግ እንዳሉ አውቃለሁ። ይመለሱና ይቀመጡ።

ነገሩ የጀመረው ደረጃ ላይ ነው። ሊፍቱ ለሦስተኛ ሳምንት ተበላሽቶ፣ የሕንፃውን ኮሚቴ ሰብሳቢ ይዤ ስቆጣ ናኦሚ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። «እማማ ምንትዋብ፣ ልክ በዚህ ድምፅ ሠራዊት ቢቆጡልኝ» አለችኝ። ሳቅሁባት። በማግስቱ ወረቀት ይዛ መጣች፤ አነበብኩላት። ከዚያ በኋላ እንቢ የሚለውን ቃል አፌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

የምንቀርጸው ለሚ ኩራ፣ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ነው። ዙፋኔ ከናኦሚ እናት ፀጉር ቤት የመጣ ካስክ ነው፤ ያ ሴቶች ፀጉራቸው እንዲደርቅ ጭንቅላታቸውን የሚያስገቡበት። ብርማ ቀለም ቀብተው አምፖል ሰክተውበታል። የመጀመሪያው ክፍል ያለፈው ዓርብ ተለቀቀና አሥራ አንድ ሺ ሰው አየው። ሰዎቹ ከሥር የሚጽፉትን ናኦሚ ታነብልኛለች። አንዱ «ንግሥቲቱ ካስክ ገብታ ነው እንዴ አገር የምትመራው?» አለ። አንዷ ደግሞ «እኚህን ሴትዮ አውቃቸዋለሁ፤ መዝገብ ቤት ሄጄ ፋይሌን ስጠይቃቸው በዚሁ ዓይን ነው ያዩኝ» ብላለች። ትልቁ ጠብ የተነሣው ግን በምግቡ ነው። ግብር ላይ ተቀምጬ ሰማያዊ ነገር እጎርሳለሁ፤ ቀለም የገባበት ድንች ነው። «የለቀቃችሁት ዓርብ ነው፤ የበሉት የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። «ሁለት ፀሐይ ባለበት አገር ዓርብ መቼ ነው?» ብሎ ሌላው መለሰለት። ዘጠና ሰባት ሰው ገብቶበት እስካሁን ይከራከራሉ።

እየሳቅሁ ስለምጽፍ ያልፈራሁ እንዳይመስልዎ። በ1977 የኪነት ቡድኑ መቱ መጥቶ ሲመርጠኝ፣ እርስዎ ሻንጣዬን ከመኪናው ላይ አውርደው «አባታችን ቢኖር አይፈቅድም» አሉኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። አልተከራከርኩም፤ እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ስደረድር፣ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሣንም። አሁን ናኦሚ ለቀጣዮቹ ክፍሎች እስከ መጋቢት 1 እሺ ወይም እንቢ ይበሉኝ ብላኛለች። ዛሬም የእርስዎን ቃል ረግጬ አልሄድም። አቁሚ ካሉኝ አቆማለሁ። ብቻ፣ ወንድምጋሼ፣ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስልክ ስለማይሰሙ ደብዳቤውን እንደ ሁልጊዜው በአውቶቡስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የዘርትሁን ሱቅ እልከዋለሁ።

እህትዎ ምንትዋብ

(በወረቀቱ ጀርባ) አንድ ነገር ረስቼ። የፊታችን ዓርብ በሚወጣው ሁለተኛ ክፍል ላይ ንግሥቲቱ ትሞታለች፤ ሦስተኛው መልሴ እስኪታወቅ ይቆያል። እሺ ካልኩ ናኦሚ ታስነሣኛለች፤ በጠፈር ታሪክ ይቻላል አሉ። እንቢ ካልኩ ሞቼ እቀራለሁ። ከሰው ስልክ ላይ አይተው እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።


መቱ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምንቴ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅም፤ ደህና ብትሆኚ ትጽፊ ነበር። ለጥምቀት ለምን እንደቀረሽ ጠይቄሽ ይኸው ወር ሊሞላ ነው። በየቀኑ መናኸሪያ እየወረድኩ ዘርትሁንን «ደብዳቤ አልመጣም?» እላታለሁ። ወደ ሳሙናው መደርደሪያ ዞራ «አልመጣም ጋሼ» ትለኛለች። አብራሽ ስትማር ጀምሮ ውሸት የማይሆንላት ልጅ ናት።

እዚህ አንድ ነገር አለ፣ ማንም አይነግረኝም። ባለፈው ቅዳሜ ክሊኒክ ሄጄ ደሜን ሰጠሁ። ውጤቱን የዘርትሁን ባል ኦላና ነው የተቀበለልኝ፤ «ደህና ነው አሉ» አለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ተለወጠብኝ። ዘርትሁን በየቀኑ ምሳ ትልካለች። ሬዲዮኔን ላሠራልዎ ብለው ወሰዱት፤ ሬዲዮኔ አልተበላሸም። የደብሩ ቄስ መስቀል ሲያሳልሙኝ እጄን ይዘው አይለቁም። ኦላና ሃያ ዓመት ሙሉ በዳማ ሲያሸንፈኝ የኖረ ሰው ነው፤ በዚህ ሳምንት አራት ጊዜ አሸነፍኩት። ምንቴ፣ አራት ጊዜ።

ስምሽን ባነሣሁ ቁጥር ደግሞ ወሬ ይለውጣሉ። ትናንት «ምንትዋብ ለፋሲካ ትመጣ ይሆናል» ብል ዘርትሁን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወጣች። ያለ ወንድም ልትቀሪ ስለሆነ ላንቺ ማዘኗ ነው።

ነገሩን አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ልሞት ነው መሰለኝ። ሁሉም ያውቃሉ፣ እኔን ብቻ ደብቀውኛል። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፣ አይከፋኝም። ሉሉን ለትምህርት ቤቱ ስጪልኝ። መጻሕፍቱን ተማሪዎቹ ይከፋፈሏቸው። ኮቴን ለኦላና። የዳማ ሰሌዳዬን ግን ለኦላና እንዳትሰጪው፤ አዝኖልኝ መሸነፉን አልወደድኩለትም።

አሁን ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ያላልኩትን ልበል። ያኔ ሻንጣሽን ከመኪናው ያወረድኩ ቀን «አባታችን አይፈቅድም» አልኩሽ። ውሸቴን ነው። አባታችን ክራር የሚመታ ሰው ነበር፤ ቢኖር ሻንጣሽን ራሱ ይጭንልሽ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ላጤ ነበርኩ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነበር። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው የከለከልኩሽ። በማግስቱ ልነግርሽ አስቤ ሳይሆን ቀረ፤ ከዚያ ዓመቱ አለፈ፣ አንቺም ሄድሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።

ይህን ዛሬ ለአውቶቡሱ ሾፌር ራሴ እሰጠዋለሁ። ቶሎ ጻፊ፤ እንድደርስበት።

ወንድምሽ ገብረየስ


አያት፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

አይሞቱም። የሞትኩት እኔ ነኝ።

ይህን ወረቀት ናኦሚ ራሷ ትሰጥዎታለች። በጠፈር ድራማ ላይ ንግሥት ሆኜ የምሠራላት ልጅ ናት፤ ታሪኩን በሙሉ በየካቲት 3 ደብዳቤዬ ጽፌልዎ ነበር። እሱን ዘርትሁን ደብቃዋለች ማለት ነው። አይቆጧት፤ ሞታለች ብላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ናኦሚ ማስታወቂያ ሠራች። ጡረታ የወጣሁ ቀን የተነሣሁትን ፎቶ ወስዳ ጥቁር ፍሬም አደረገችለት፣ ግራና ቀኝ ሻማ፣ ከላይ «እናታችን አረፉ»። ከታች በጥቃቅን ፊደል «የሁለት ፀሐይ አገር፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ነገ ምሽት» ይላል። እንዲህ ያለ ፎቶ ያየ ሰው ታች ድረስ መቼ ያነባል? «ዘውድ ልጨምርበት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ፎቶው ያምራል፣ ተይው ያልኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።

ዓርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ፀጉሬን በቢጎዲን ጠቅልዬ ከፈትኩ። የድሮ አለቃዬ አቶ ዑቕባይ ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። ትንሽ አዩኝና «ይቅርታ፣ የወይዘሮ ምንትዋብ ቤት የቱ ነው? ለቅሶ ልደርስ ነው» አሉኝ። እኔ ነኝ ስላቸው ግድግዳውን ያዙ። ሻይ ከጠጡ በኋላ «መቼም ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ» ብለው ሊናገሩ ያሰቡትን ሁሉ ነገሩኝ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ፋይል እንዳልጠፋብኝ፣ ቢሮው ሁሉ ሲቀዘቅዝ ሰው የሚስቀው እኔ ክፍል ውስጥ ብቻ እንደነበረ። በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ቀን ብለውት አያውቁም። አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ፣ ደህና ለቅሶ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ከሕንፃው አሥራ አራት ሰው መጣ። የኮሚቴ ሰብሳቢው እንኳን መጥቶ፣ ስላልሞትኩ ያፈረ መስሎኛል፣ ሊፍቱን አሠራው።

ማታውን ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ውስጥ ተሰብስበን ክፍሉን አየን። ሰዉ አጠገቡ መቀመጤን አላወቀም፤ ሻሽ አስሬ ነበር። ንግሥቲቱ ዓይኗን ስትጨፍን ማኪያቶ የሚያቀርበው ልጅ ትሪውን ይዞ ቆመ። አንድ ጎረምሳ «ሙድ የለውም፣ እሳቸውማ አይሞቱም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከሥር የተጻፈውንስ ቢያዩ። አንዷ «እናቴ ቲቪውን አጥፍታ ፀሎት ላይ ናት፤ ምን ልበላት?» አለች። አንዱ «ካልተነሡ ሦስተኛውን አላይም» ብሏል፤ ሁለት ሺ ሰው ተስማምቶበታል። የድንቹ ተከራካሪዎችም መጥተዋል፤ ንግሥቲቱ የሞተችው ዓርብ ስለበላች ነው የሚል ወገን ተነሥቷል።

ለዘርትሁን ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። ስሜን ስልኳ ላይ አይታ አላነሣችም። ማንስ ያነሣል? ስለዚህ ናኦሚን ሄደሽ አስረጂ አልኳት። ነገ ረቡዕ ትነሣለች፣ በደሌ አድራ ሐሙስ ጠዋት ትደርሳለች።

ደምዎ ደህና ነው። ኦላና ዓይንዎን ያላየው ስለኔ ነው። ዳማውንም አላሸነፉትም፣ ይቅርታ።

ስለ ሻንጣው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አርባ ዓመት ሙሉ ያፈሩብኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ሲያዩኝ የማልረባ ሆኜ ታይቼዎት ነው ብዬ ነበር። ብቻዬን እቀራለሁ ቢሉኝ ኖሮ ያን ቀንም እቀር ነበር፣ ግን ወድጄ።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የፈለጉትን ይመልሱልኝ፣ አልቀየምም። ይቅርታውን የጠየቁኝ የሚሞቱ መስሎዎት ነው። አይሞቱም። እኔም አልተውኩትም፤ ዛሬም ካሜራ ፊት ልቆም እየፈለግሁ ነው የምጽፍልዎ። ጤነኛ ሆነው ሲያስቡትስ ያሉት ይጸናል? መጋቢት 1 አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

እህትዎ ምንትዋብ


መቱ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺ ሟች፣

ሰላምታ ለሕያው ነው የሚጻፈው፤ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለሽ እስካጣራ ይቆይሽ።

ትናንት ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቴን ደበደቡት፤ በሩን ቢያንኳኩ እንደማልሰማ ያውቃሉ። ስከፍት ኦላናና ዘርትሁን፣ ቄሱ፣ ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ከአዲስ አበባ ዘመድ መጥቶ እንዲያረዳኝ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ማንም ስላልመጣ ራሳቸው ሊያረዱኝ ነው። «ግቡ፣ አውቄዋለሁ» አልኳቸው። ኦላና «እንዴት አወቁ ጋሼ?» አለ። «ሰው የራሱን አያጣውም። ስንት ቀን ሰጡኝ?» አልኩት። ተያዩ። ቄሱ «የምን ቀን?» አሉ። ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሏቸው ዘርትሁን ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ምንትዋብ ናት» አለች።

ለራሴ ተዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ የእኔን ቢያረዱኝ በስንት ጣዕሙ እያልኩ። ሰዉ ሲያለቅስ አፉን እንጂ ድምፁን አልሰማም።

ከዚያ ዘርትሁን የተደበቀውን ደብዳቤ አመጣችልኝ። «ሳትሞት የጻፈችልዎ ነው፤ የደረሰኝ መርዶዋን ካየን በኋላ ነው፤ ልብዎን ይሰብረዋል ብዬ ነው» አለች። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ጆሮ የሌለው ሰው ሌላ ዓይነት ንባብ አያውቅም። ካስኩ ላይ ስደርስ ኦላና ሳቀ፣ ሚስቱ ቆነጠጠችው። ድንቹ ላይ ቄሱም ሳቁ። «አቁሚ ካሉኝ አቆማለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ማንበብ አቃተኝ። በሙሉ ድምፄ «አታቁሚ» አልኩ። ወረቀቱን ይዤ፣ ለሞተ ሰው፣ ሃያ ሰው ፊት፣ አታቁሚ፣ አታቁሚ። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ያዘኝ።

ወረቀቱ ከእጄ ሲወድቅ ተገለበጠ፤ ጀርባውን ያየችው ዘርትሁን ናት። አንብባ ሰጠችኝ። አነበብኩ። «መሞቷን የት አያችሁ?» አልኳት፤ ስልክ ላይ በወጣ ፎቶ አለች። «ፎቶዋን አምጪው» አልኳት። ስልኳን ሰጠችኝ፣ አሳደግሁት፣ እንደ ካርታ ከላይ እስከ ታች አየሁት። «ሁለተኛ ክፍል»። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ካርታ ስታነቡ የታችኛውን መግለጫ አትዝለሉ ስላቸው የኖርኩት ከእነዚህ መካከል ተማሪዎቼ የነበሩትን ስምንቱን ነው።

ናኦሚ ስትደርስ ድንኳን ተተክሏል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቀስተኛውም ይስቃል። ልጅቷ ሁሉም የሚገድላት መስሏት በር ላይ ቆመች። ዘርትሁን አቀፈቻት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጆሮዋን ያዘቻት፣ ከዚያ እንደገና አቀፈቻት። ደብዳቤሽን አነበብኩና «በይ አሳዪን» አልኳት። ላፕቶፑን ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ አርባ ሰው ተጋፍቶ አየ።

አስተያየታችንን ጻፊልኝ ብላኛለች። ሁለት ፀሐይ ባለበት አገር ሰው ሁሉ ሁለት ጥላ ሊኖረው ይገባል፤ የእናንተ ሰዎች አንድ ጥላ ብቻ ነው ያላቸው። ኦላና መርከቡ ነዳጅ የት እንደሚቀዳ ይጠይቃል። ቄሱ ቀብሩ ላይ ፍትሐት ባለመኖሩ አዝነዋል። ዘርትሁን ከስተሻል ትላለች።

እኔ ሌላ የምለው አለ። ደህና መሆንሽን አውቄአለሁ። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ናኦሚም አጠገቤ ናት። ወለተ ኮከብ ሠራዊቷን ተቆጥታ ስትጨርስ ወንበሯ ላይ ዘንበል አለች፣ እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ። ናኦሚ ጆሮዬ ሥር «ጋሼ፣ ደህና ናቸው እኮ» ትለኛለች። አውቃለሁ አልኳት። ምንቴ፣ አንቺ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ፣ እኔም አርባ ዓመት አስቀምጬሽ ነበር። ይህን ከማወቅ ሞቴ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ጤነኛ ነዎት ብላችሁኛል።

ለጥያቄሽ፣ ያልኩት ይጸናል። የሚሞት ሰው ይቅርታ መጠየቁ ቀላል ነው፣ ማግሥቱን አያይም። እኔ ማግሥቱን አይቼ ነው የምጽፍልሽ። ናኦሚን እሺ በያት፤ መጋቢት 1ን አትጠብቂ።

ደግሞ ቶሎ ይሁን። ኦላና ዛሬ ጠዋት ድንኳኑን ሊነቅል ሲል ለቀስተኛው ከለከለው። ንግሥቲቱ ስትነሣ ሳናይ ከዚህ አንነሣም ብለዋል፤ እኔም ከፊት ነው የተቀመጥኩት።

ወንድምሽ ገብረየስ